ሪከቨሪ ፓርቲሽን፦ «ፎርማት አድርግልኝ» ከማለታችሁ በፊት

አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ደሴ ፒያሳ ወዳለችው ሱቄ ከሚገባ ሰው የምሰማው አቤቱታ አንድ ነው። «512 ጊጋ ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ስከፍተው 476 እንኳ አይሞላም። ተበላሁ!»

አብሽሩ፣ የበላችሁ የለም። አንደኛው ምክንያት አቆጣጠር ነው። የዲስክ አምራች ጊጋባይትን በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024። ስለዚህ 512 የተባለው ዊንዶውስ ላይ 476 ገደማ ይሆናል፤ 256ቱ ደግሞ 238 ገደማ። ሲ ድራይቭ ከዚያም በታች ከሆነ የጎደለውን የያዙት የተደበቁ የዲስክ ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ናቸው፤ ዋናው ዊንዶውስ ሲበላሽ ለመጠገን ወይም እንደገና ለመጫን የሚያገለግለው ሪከቨሪ ፓርቲሽን ነው።

መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩዋቸው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኑና «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ። ከታች «ዲስክ 0» ከሚለው ጎን ሣጥኖች ተደርድረዋል። ግራ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ሣጥን፣ ብዙ ጊዜ 100 ወይም 260 ሜጋ የሆነችው፣ ኢኤፍአይ ትባላለች። ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስን የሚያስነሳው በሷ በኩል ነው። ከዚያ ትልቁ ሲ አለ። ከሲ በስተቀኝ «ሪከቨሪ ፓርቲሽን» የሚል አንድ ወይም ሁለት ሣጥን ታያላችሁ። መጠሪያ ፊደል ስለሌላቸው ፋይል ስትከፍቱ አይታዩም። ራይት ክሊክ ብታደርጉባቸው «ሄልፕ» ከሚለው በቀር የሚመጣ ነገር የለም። ዊንዶውስ አውቆ ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ እያላችሁ ነው።

ሁለት ከሆኑ ሥራቸው አንድ አይደለም። ትንሹ፣ ከ500 ሜጋ እስከ 1 ጊጋ አካባቢ የሚሆነው፣ የራሱ የዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ አልነሳም ሲል የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ፣ «ትራብልሹት» (ጥገና) እና «ሪሴት» (ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን) የሚሉት ምርጫዎች ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሱት። ትልቁ፣ አንዳንዴ 10፣ አንዳንዴ ከ20 ጊጋ በላይ የሚይዘው፣ የላፕቶፑ አምራች ያስቀመጠው ነው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዊንዶውስ ከነድራይቨሩ (የላፕቶፑን ዕቃዎች ከሚያሠሩት ፕሮግራሞች ጋር) ውስጡ አለ፤ ማንም የማይፈልገው የማስታወቂያ ፕሮግራምም አብሮ አለ። አሁን አሁን ትልቁን ትተው «ከኢንተርኔት አውርዱ» የሚሉ አምራቾች ስላሉ ባታገኙት አትደንግጡ። እኛ ገበያ ላይ በርከት ብለው የሚታዩት «ዶስ» የሚባሉት ላፕቶፖች ደግሞ ከፋብሪካም ዊንዶውስ ስላልነበራቸው የሚመለሱበት ነገር የላቸውም። ያገለገለ ከገዛችሁም ሻጩ ጠርጎት ሊሆን ይችላል።

ይህ ክፍል እንደ መኪና ስኮርታ ጎማ ነው። መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ያወጣችኋል። መኪናው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ገደል ከገባ ግን ስኮርታውም አብሮ ገባ። ሪከቨሪውም የሚኖረው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የግል ፎቶና ሰነዳችሁም ውስጡ የለም፤ «ባክአፕ አለኝ» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ባለፈው አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ መጣ። ላፕቶፑ ኤችፒ ነው፣ ወደ ሪከቨሪ ለመግባት ኤፍ 11 ይጫናል፣ ምንም የለም። ለካ ፍጥነት እንዲጨምር ብሎ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (ፈጣን በሆነው ዲስክ) አስቀይሯል። የቀየረለት ባለሙያ አዲሱ ላይ ዊንዶውስ ጫነ እንጂ ሪከቨሪውን አላዛወረም። አሮጌውስ ዲስክ? ቤት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ደግነቱ አልሸጠውም። ሪከቨሪው ሳይነካ እዚያው አገኘነው። ኤስኤስዲ የምታስቀይሩ ሰዎች፣ አሮጌውን ለሠሪው ጥላችሁ አትሂዱ።

ወደ ሥራው እንግባ፤ ዲስኩ ቢሞት የሚያወጣችሁ የሪከቨሪ ፍላሽ እንሠራለን። ከሁሉ በፊት ዲስኩ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን እዩ። «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ሥር «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚለውን ፈልጉ። በርቶ ከሆነ ወደ ሪከቨሪ ስትገቡ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ቁልፉ የሚቀመጠው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ብዙ ሰው ላፕቶፑን ሱቅ ውስጥ ነው የሚያስከፍተው፤ ሻጩም ለመፍጠን በራሱ ኢሜይል ያስገባዋል። ከዓመት በኋላ ቁልፉ ሲፈለግ ያ ሻጭ የት ይገኛል? በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈትላችሁ፤ ቁልፉንም ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ ፍላሽ። ቢያንስ 16 ጊጋ፣ ቢቻል 32። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠውን «1 ቴራ» ፍላሽ ለዚህ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ከተጻፈበት እጅግ ያነሰ ነው፤ ጉዱ የሚወጣው ደግሞ በቸገራችሁ ቀን ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ገልብጡት። ከዚያ ስታርት ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ። የሲስተም ፋይሎችን አብሮ ይገልብጥ ወይ የምትለውን ሣጥን ምልክት አድርጉባት፤ ያለሷ ፍላሹ ለጥገና እንጂ እንደገና ለመጫን አይሆንም። ሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። የደሴን መብራት ታውቁታላችሁ፤ ባትሪው ሳይሞላ አትጀምሩ።

ሲቸግራችሁ መግቢያው እንደ አምራቹ ይለያያል። ኤችፒ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 11 ነው። ኤሰር አልትና ኤፍ 10፣ ብዙ አሱስ ኤፍ 9፣ ዴል ኤፍ 12 ነው። ብዙ ሌኖቮዎች ጎናቸው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ቁልፍ አለቻቸው፤ ላፕቶፑ ጠፍቶ በቀጭን ነገር ትጫኗታላችሁ። ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ሺፍትን እንደያዛችሁ «ሪስታርት» በሉት።

«ሪሴት» ስትሉ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። ፋይሌ ይቆይ ወይስ ሁሉም ይጥፋ? ፋይሌ ይቆይ ብትሉም የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ይሄዳሉ። ሁለተኛው «ክላውድ» ወይስ «ሎካል» የሚለው ነው። ክላውድ ወደ 4 ጊጋ ያወርዳል፤ የኢንተርኔት ጥቅላችሁን አስቡ። ሎካል ምንም አያወርድም። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ሎካል የሚሠራው ሲ ላይ ካሉት የዊንዶውስ ፋይሎች መሆኑን ነው፤ የአምራቹን ትልቅ ክፍል አይነካውም። ስለዚህ ፍላሹን ሠርታችሁ ከሞከራችሁት በኋላ ቦታ ከጠበባችሁ ትልቁን ማጥፋት ይቻላል። እኔ ግን 512 ላለው ሰው አልመክርም፤ ለ15 ጊጋ ብሎ ምን አጣደፈው? ባዶ የሆነውም ቦታ ከሲ ጋር ካልተጎራበተ በዊንዶውስ መሣሪያ አይዋሃድም።

ትንሹን ግን በፍጹም። እንዲያውም መጥበቡ ራሱ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ እዚህ ክፍል ውስጥ 250 ሜጋ ነፃ ቦታ ይፈልግ ነበር። ያላገኘበት ኮምፒውተር ሁሉ አልጭንም ብሎ ስህተት ያሳይ ነበር።

«ፎርማት አድርግልኝ» ስትሉ ሠሪው ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። አንዳንዱ ሣጥኖቹን ሁሉ ጠርጎ በክራክ (ያለ ፈቃድ በሚከፍት ፕሮግራም) የተከፈተ «ፕሮ» የሚባለውን የዊንዶውስ ዓይነት ይጭናል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ላፕቶፕ ፈቃዱን ማዘርቦርዱ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። «ሆም» የሚባለውን ተራውን የዊንዶውስ ዓይነት ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ላይ ንጹህ ሆም ሲጫንና ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይከፈታል። የከፈላችሁበትን ትታችሁ ክራክ ማስጫን ምን የሚሉት ነው?

ፍላሹን ሳትሞክሩ አታስቀምጡ። ሰክታችሁ አስነሱት፤ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ ሌኖቮና ዴል ላይ ኤፍ 12 ነው። የኪቦርድ ምርጫ ገጹ ከመጣ ይሠራል፤ ሌላ ምንም ሳትነኩ አጥፉት። ላዩ ላይ የላፕቶፑን ሞዴልና ቀኑን በማርከር ጻፉበት። ከዚያ የቤት ልጆች ፊልም እንዳይጭኑበት ደብቁት።