ስለ ባውንደሪ ዋተርስ ሲሟገቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከካናዳ ጋር የሚዋሰነው የሰሜን ሚኒሶታው ባውንደሪ ዋተርስ 1.1 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የሚሸፍን፣ ከ1,000 በላይ ሐይቆች ያሉት የሕዝብ ጥብቅ ዱር ነው። ደጃፉ ላይ መዳብና ኒኬል ይቆፈር አይቆፈር የሚለው ሙግት ዓመታት አስቆጥሯል። ለሐይቆቹ የሚቆረቆሩት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚረቱት በራሳቸው ጥፋት ነው።

ካርታ አይቶ ውሃውን መርሳት። ዋናው ስህተት ይኼ ነው። «ቁፋሮው ከጥብቅ ክልሉ ውጭ ነው፤ ምን አገባችሁ?» ሲባሉ ብዙዎች መልስ ያጣሉ። እውነትም ትዊን ሜታልስ የተባለው ኩባንያ ያሰበው ከክልሉ ውጭ፣ በርች ሐይቅ አጠገብ ነው። የበርች ውሃ ግን ወደ ኋይት አይረን፣ ከዚያ ወደ ፎል፣ በመጨረሻም ክልሉ ውስጥ ወዳለው ባስዉድ ሐይቅ ይወርዳል። ስለዚህ ከወሰኑ ሳይሆን ከተፋሰሱ ይነሡ።

«ብረት ስንቆፍር ኖረን የለ?» ለሚለው አለመዘጋጀት። መዳቡና ኒኬሉ ግን ከብረቱ በተለየ ከድኝ ጋር የተጣመሩ ናቸው፤ ሰልፋይድ የሚባለው ይኼ ነው። ዓለቱ ተፈጭቶ አየርና ውሃ ሲነካው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ ደግሞ ሌሎች ብረታ ብረቶችን እያሟሟ ይወርዳል። ከ100 ኪሎ ዓለት የሚወጣው መዳብ 1 ኪሎ አይሞላም። የቀረው ሁሉ የት ይከመራል? ኩባንያው በተረፈው ውስጥ ሰልፋይድ እምብዛም አይቀርም ባይ ነው። ይህን መልሱን ሳያውቁ ክርክር አይግቡ።

«ታግዷል» ብሎ መተኛት። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የያኔዋ የአሜሪካ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴብ ሃላንድ 225,504 ኤከር ለ20 ዓመት ለአዲስ የማዕድን ኪራይ እንዳይሰጥ አዘዙ። ለምን 20? በ1976 የወጣው ሕግ ከ5,000 ኤከር በላይ ለሆነ መሬት ሚኒስትር በአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ እንዲያግድ ስለማይፈቅድ ነው። ለዘለቄታው መዝጋት የኮንግረስ ፈንታ ነው። የኩባንያው ኪራይማ በኦባማ ዘመን ተከለከለ፣ በትራምፕ ታደሰ፣ በ2022 በባይደን ተሰረዘ።

በጥብቅ ዱሩ ደጃፍ ያለችውን የኢሊ ከተማ ሰው መናቅ። ከማዕድኑ ሥራ የፈለገ ጎረቤት ጠላት አይደለም። ታንኳ አከራይቶ የሚያድረውም እዚያው ከተማ ነው።

የሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ የተዘጋጀ ደብዳቤ ገልብጦ መላክ። አስተያየት የሚቀበል መሥሪያ ቤት ድምፅ አይቆጥርም፤ አዲስ ነጥብ ነው የሚፈልገው። ዓሣ ያጠመዱበትን ሐይቅ በስሙ ይጥቀሱ፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣም ይጻፉ። እንግሊዝኛዎ ቢሰባበር ግድ የለም፣ ቀነ ገደቡ ብቻ አይለፍዎ።