እማወራዎችን ፈትል ማሠልጠን፦ ከጥጡ እስከ ልቃቂቱ

በጎጃም ደጋ ባብዛኛው የምትፈትለው ሴት፣ የሚሸምነው ወንድ ነው። ቤቷን ብቻዋን ለምታስተዳድር እናት ሥልጠናውን ከሽመና መጀመር አያዋጣም፤ የሽመና ዕቃ ቦታም ገንዘብም ይፈልጋል። እንዝርት ግን ወጥ እስኪበስልም ይሾራል።

መጀመሪያ በአካባቢው ያለ ሸማኔ ዘንድ ሄዳችሁ ከሚገዛው ማግ (በሸማው አግድም ከሚገባው ክር) አንድ ክንድ ያህል ናሙና ውሰዱ። ሠልጣኞቹ ፈትላቸውን ከዚያ ጋር ያስተያያሉ። ድር (በቁመት የሚወጠረው ክር) ለጊዜው ይቆይ፤ ውጥረት ስለሚበዛበት የጀማሪ ፈትል ይበጠሳል። ማግ ወፈር ሳሳ ቢልም ይችላል።

ፍሬው ያልወጣ 3 ኪሎ ጥጥ ሲዳመጥ 1 ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው፤ ወጪውን ከዚህ አስሉ። ጥጡን ፀሐይ ካሞቃችሁት በኋላ ለስላሳ ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ የብረት መዳመጫውን አንከባልሉበት፤ ፍሬው ከፊት ይወጣል። እጅ ሲከብድ ፍሬው ይደቅና ስብርባሪው ጋቢው ድረስ ይከተላል። በደጋን ነድፋችሁ ባዘቶው (የተነደፈው ጥጥ) ሲነፋ፣ በቀጭን እንጨት ጠቅልላችሁ ከአውራ ጣት ያልወፈረ አመልማሎ አድርጉት።

ጊዜ የሚወስደው መፍተሉ ነው። ቀኝ እጅ እንዝርቱን ጭን ላይ ያሾራል፣ ግራው አመልማሎውን ይስባል። ጀማሪ አመልማሎውን ጨምድዳ ትይዛለች፤ ፈትሉ አንዴ የሚወፍር አንዴ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ጣቷን ስታላላ ጥጡ ራሱ ይመጣል።

ከተፈተለው ሁለት ስንዝር አላልታችሁ ጫፎቹን አቀራርቡ። በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ከተኮማተረ ሹረቱ በዝቷል፤ ሲሳብ እየተንሸራተተ ከተለያየ አንሷል። ሲበጠስ አይቋጠር፣ ቋጠሮው ሸማው ላይ ጎልቶ ይታያል። ጫፉን በተን አድርጋ ሦስት ጣት ያህል ከአመልማሎው ጋር ትደርበውና ታሹረው። ፈትሏ በተደጋጋሚ የሚበጠስባት ካለች፣ ሴትዮዋን ከመውቀስ በፊት እንዝርቷን እዩ፤ የተጣመመ እንዝርት እየተንገዳገደ ክሩን ይነጥቃል።

የሥልጠናውን ቀን ከገበያ ቀን አርቁት። ወር በገባ በ12፣ በ21 እና በ29 በዓል ነው ብለው እንዝርት የማያነሡም ብዙ ናቸው። በክረምት ጥጡ እርጥበት እንዳይስብ ብለው ምድጃ አጠገብ የሚሰቅሉ አሉ፤ ጭሱ ያጠቁረዋል፣ በተከደነ ሞሰብ ይቀመጥ።

ልቃቂቱ (ተጠቅልሎ የተድቦለቦለው ፈትል) የሚሸጠው በሚዛን ከሆነ ቤት መዝናችሁ ሂዱ። ሸማኔው «ጋቢው ሲሸጥ እከፍላለሁ» ካለ፣ ቢያንስ የጥጡን ዋጋ በእጅ ተቀበሉ፤ የሚቀጥለው ጥጥ የሚገዛው በዚያ ነው።