የድሬዳዋ ዛፍ፦ አልበቅል ያለ ዘር፣ አላብብ ያለ ዛፍ

ዘሩ ከተተከለ ወር አለፈው፤ ብቅ ያለ ነገር የለም

አፈሩን ጫር አድርገው አንዱን ዘር ያውጡና በጥፍርዎ ይጫኑት። እንደ ጠጠር ከጠነከረ ውሃ አልገባውም። የዚህ ዛፍ ዘር ቅርፊት ውሃ ስለማያስገባ ሳይፋቅ ከተተከለ ለወራት አፈር ውስጥ ይቀመጣል። ተልፈስፍሶ ከሸተተ ግን ወይ ተቀቅሏል፣ ወይ አፈሩ ውሃ አቁሯል።

ብዙ ዘር የሚያልቀው በመቀቀል ነው። «በፍል ውሃ ይዘፍዘፍ» ሲባል ዘሩን ድስት ውስጥ ጨምሮ የሚያንተከትክ ሞልቷል። አብጦ ሲያየው የተሳካለት ይመስለዋል፤ ያበጠው ግን የሞተ ዘር ነው። ውሃው ለብቻው ይፍላ፣ ከእሳት ይውረድ፣ መንተክተኩ ሲቆም ዘሩ ላይ ይፍሰስ፤ እዚያው እየቀዘቀዘ 24 ሰዓት ይቆይ። እሳት ላይ ፈጽሞ አይመለስ!

ዘሩ ጥቂት ከሆነ ፍል ውሃውን ይተዉትና በሞረድ ወይም ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ይፋቁት። ከዛላው ጋር ተያይዞ የነበረበትን ጫፍ አይንኩ፤ ሥር የሚያወጣው በዚያ በኩል ነው። የሌላኛው ጫፍ ቡናማ ቅርፊት አልቆ ነጣ ያለው ውስጡ ሲታይ ወዲያው ያቁሙ። ለብ ባለ ውሃ ያሳድሩት። በደንብ የተፋቀው አብጦ ያድራል፤ እንደነበረ የቀረውን ደግመው ይፋቁ። ያበጠውን በዚያው ቀን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አጥልቀው ይትከሉ። በሞቀ አፈር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወጣል። ነቀዝ የበሳውን ዘር ይጣሉት።

ችግኙ አንገቱ ላይ ቀጥኖ ወደቀ

ውሃ በዝቶበታል። የወደቀው አይድንም፤ ለቀሩት ውሃ ይቀንሱ።

ተተክሎ ባለበት ቀረ

ሥሩን ይመልከቱ። ፕላስቲክ ውስጥ ከልክ በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ይሸጣል፤ ይህን እያወቁ የሚሸጡ ሰዎች ገዢውን ዓመታት ያስከፍሉታል። ሲገዙ የፕላስቲኩን ቂጥ ይዩ። ሲተክሉ ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ የተጠመዘዘውን ሥር ይቁረጡ፣ በክረምት መግቢያ ይትከሉ። ውሃ የሚያቁር መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ላይ አይትከሉ።

ትልቅ ሆኖ አያብብም

መጀመሪያ ዕድሜውን ይቁጠሩ፤ ከዘር የበቀለ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ 10 የሚሞላውም አለ። ዕድሜው ከደረሰ ጥላ፣ ዩሪያ ወይም በበጋ በየቀኑ የሚጠጣው ውሃ ቅጠል ብቻ እያስወጣው ይሆናል። ዩሪያውን ያቁሙ፣ ውሃውን ይቀንሱ። ከማዳጋስካር የመጣ ሙቀት ወዳድ ዛፍ ስለሆነ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ያምርበታል፤ ውርጭ ባለበት ደጋ አይድከሙ። አበባው የሚወጣው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነውና ከማበቡ በፊት አይግረዙ፤ አበባው ሲረግፍ ይግረዙ።

በበጋ ቅጠሉን አራገፈ

ጠባዩ ነው። ደረቀ ብለው እንዳይቆርጡት!

ወለልና አጥር ሰነጠቀ

ሥሩ ከላይ ከላይ እየተንሰራፋ ይሄዳል። ከቤት፣ ከውሃ መስመርና ከፍሳሽ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ካደገ በኋላ ወፍራም ሥሩን በመጥረቢያ መቁረጥ መፍትሄ አይደለም፤ በአንድ በኩል ሥር ያጣ ዛፍ በነፋስ ቤት ላይ ይወድቃል። ግቢዎ ጠባብ ከሆነ ሌላ ዛፍ ይምረጡ።