በልብስ ሥር የሚያዝ ትንሽ የራስ መከላከያ ሽጉጥ አመራረጥ

ራሱን ለመከላከል በልብስ ሥር የሚይዘው ሽጉጥ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከመጠን ነው፤ ከሁሉ ያነሰውንና የቀለለውን ካገኘ ምርጫው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ይህ መነሻ የተሳሳተ ነው። ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመሰወር ይቀላል፤ በዚያው ልክ ግን አጥብቆ ለመጨበጥ፣ ለማነጣጠርና ርግጫውን፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ግፊት፣ ለመቋቋም ያስቸግራል። ልምድ ያላቸው ተኳሾች እንኳ እጅግ ትንሽ በሆነ ሽጉጥ ሲተኩሱ ከለመዱት ትልቅ መሣሪያ ያነሰ ውጤት ያመጣሉ፤ ጀማሪው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን መሣሪያ ለመማሪያ መርጦ ይነሣል ማለት ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ሳይሰለቹ ሊይዙት ከሚችሉት መካከል ትልቁን ይምረጡ እንጂ ገበያው ላይ ከሚገኘው ሁሉ ትንሹን አይፈልጉ።

ከመሣሪያው በፊት ሕጉ ይቀድማል። በአንዳንድ አገሮች ግለሰብ ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀሱ የተከለከለ ነው፤ በሌሎች ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ተፈቅዶ ይዞ መውጣት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ኖሮም እንኳ እንደ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤትና አውሮፕላን ማረፊያ ያሉ ስፍራዎች ሊከለከሉ ይችላሉ። ሕጉ የጥይቱን ዓይነት ጭምር የሚወስንበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ ሜክሲኮ 9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይትን ለሠራዊቷ ስለምትገድብ፣ የተፈቀደለት ሲቪል ሰው 380 ወደሚባለው አነስተኛ ጥይት (9 በ17) ለመሄድ ይገደዳል። ከዚህ እኩል መታወቅ ያለበት መሣሪያው መቼ ሊተኮስ እንደሚችል ነው። በአብዛኞቹ ሕጎች ይህ የሚፈቀደው በሕይወት ላይ የተቃጣ፣ ወዲያው የሚደርስና በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል አደጋ ሲያጋጥም ነው፤ በቃል ጠብ መካከል ሰውን ለማስፈራራት ሽጉጥ ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጥያቄ የቤትዎ ሁኔታ ነው፤ ይህን ማንም ሰው እንዲዘለው አልመክርም። ሽጉጥ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ራሱን የማጥፋት አደጋው ሽጉጥ ከሌለበት ቤት ከሚኖረው ከፍ ያለ መሆኑ በተደጋጋሚ በጥናት ተረጋግጧል። ከቤተሰቡ አባላት አንዱ፣ ገዢው ራሱም ቢሆን፣ በከባድ ሐዘን ወይም በድብርት ውስጥ ካለ፣ ትክክለኛው ምርጫ ለጊዜው ምንም ሽጉጥ አለመግዛት ነው። ልጆች ካሉ ደግሞ በአካል ላይ ያልተያዘ ሽጉጥ ሁልጊዜ በሚቆለፍ የብረት ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ከፍ ያለ ቁም ሣጥን ላይ ማስቀመጥ ወይም ከልብስ ሥር መደበቅ መቆለፍ አይደለም። የሣጥኑ ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ የመጀመሪያው ዳኛ እጅዎ ነው። ሽጉጥ ለማየት ሲቀበሉ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረው አስቀድመው ጥይት የሚይዘውን ካዝና ያውጡ፤ ቀጥሎ ያቀባብሉና፣ ማለትም ላይኛውን ተንሸራታች ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡና፣ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ መዘበራረቅ የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ ከተቀባበለ አዲስ ጥይት ይጎርሳል፤ ካዝናው ብቻ ወጥቶ ካልተቀባበለ ደግሞ ቀድሞ የጎረሰው ጥይት እዚያው ይቀራል። ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ ሰው ከሚጎዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ እጀታውን ይጨብጡ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሥጋ እጀታው ላይ በተቻለ መጠን ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ሆኖም ላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ሲመለስ እንዳይቆርጠው በቂ ከለላ መኖሩን ይመልከቱ። የሌባ ጣትዎ ለስላሳ ጫፍ፣ መዳፍዎ እጀታው ላይ ሳይዞር፣ በቀላሉ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ጣቱ ካልደረሰ ሽጉጡ ለእጅዎ ይሰፋል፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ከዘለቀ ደግሞ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙን ወደ ጎን የመግፋት ዝንባሌ ይኖረዋል። በትንንሽ ሽጉጦች ላይ ትንሿ ጣት ማረፊያ አጥታ በአየር ላይ ትቀራለች፤ በሁለት ጣት ብቻ የተያዘ እጀታ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በመዳፍ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ተኳሹም ጭብጡን ደጋግሞ ለማስተካከል ይገደዳል። ካዝናው ሥር የሚገጠም አጭር ማራዘሚያ ብዙ ጊዜ ይህን ችግር ይፈታል፤ ለመሰወር የሚያስከፍለውም ጥቂት ነው። በመጨረሻም ያቀባብሉት። ጥይት ያልያዘ ሽጉጥ ደጋግሞ ማቀባበል የሚያቅተው ሰው በጭንቅ ሰዓት የተቀረቀረ ጥይት ለማስወጣት አይችልም። ለዚህ ችግር ታስበው የተሠሩ ሽጉጦች አሉ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ2018 ያወጣው ባለ 380ው ሺልድ ኢዜድ ተንሸራታቹ ብረት በትንሽ ጉልበት እንዲሳብ የተደረገ ነው።

ስለ ክብደት ብዙ ገዢዎች የሚሰሙት ግማሹን ነው። ቀላል ሽጉጥ ቀበቶ ላይ እንደማይሰማ ሻጩ ይነግራቸዋል፤ እውነት ነው። የማይነገረው ግን አንድ ዓይነት ጥይት ክብደቱ በግማሽ በቀነሰ ሽጉጥ ሲተኮስ የርግጫው ጉልበት እጥፍ እንደሚሆን ነው፤ ይህ ከአምራች ወደ አምራች የማይለዋወጥ የፊዚክስ ሕግ ነው። ሩገር በ2008 ያወጣው ኤልሲፒ ባዶውን 270 ግራም ያህል ብቻ ስለሚመዝን ኪስ ውስጥ መኖሩ ይረሳል፤ ነገር ግን 380 ጥይት ደካማ ከሚባሉት ወገን ሆኖ ሳለ በዚህ ሽጉጥ ሲተኮስ መዳፍ ያቃጥላል። ልምምዱ የሚያሳምም ከሆነ ሰው አይለማመድም፤ ወይም ደግሞ ተኩሱን በመፍራት ምላጩን ከመሳቡ በፊት እጁን ማነቃነቅ ይለምዳል፤ ይህን ልማድ ማስለቀቅ አዲስ ነገር ከማስተማር ይከብዳል። ሲግ ሳወር በ2018 ያወጣው ፒ365 ባዶውን 500 ግራም ገደማ ሆኖ በካዝናው 10 ጥይት ሲይዝ፣ በ2015 የወጣው ግሎክ 43 ደግሞ 6 ይይዛል። ከግማሽ ኪሎ አካባቢ የሚጀምረው ይህ ወገን ለአብዛኛው ሰው ተገቢው ሚዛን እንደሆነ አምናለሁ።

ርግጫውን የሚወስነው ክብደት ብቻ አይደለም። እንደ ማካሮቭና እንደ ዋልተር ፒፒኬ ባሉት ሽጉጦች በርሜሉ የማይንቀሳቀስ ሲሆን፣ የተኩሱን ግፊት የሚቋቋሙት የተንሸራታቹ ብረት ክብደትና ጠንካራ ሞላ ብቻ ናቸው። አሠራሩ ቀላልና የማይበላሽ ነው፤ ሆኖም ሞላው ለማቀባበል ይከብዳል፤ ርግጫውም ሹል ነው። በርሜሉ ከተንሸራታቹ ጋር ተቆልፎ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ወደ ታች ዘንበል የሚልበት አሠራር ግን ጉልበቱን በጊዜ ስለሚያከፋፍለው፣ በተመሳሳይ ጥይት ለስለስ ብሎ ይሰማል። ሁለቱን ጎን ለጎን የተኮሰ ሰው ልዩነቱን ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያውቀዋል።

ጥይቶቹ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሪቮልቨር ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። ማቀባበል አያስፈልገውም፤ ጭብጡ ቢላላም አይቀረቀርም፤ መቺ መዶሻው በውስጥ የተሸፈነው ዓይነት ደግሞ ከልብስ ሲወጣ በጨርቅ አይያዝም። ጉድለቱም ግልጽ ነው። እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ያሉት ትንንሾቹ 5 ጥይት ብቻ ይይዛሉ፤ እንደገና ማጉረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ምላጩም አምስት ኪሎ ግራም አካባቢ የሚደርስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ግሎክ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ለአቅመ ደካሞች የሚስማማ ቀላል መሣሪያ ነው እየተባለ የሚሰጠው ምክር በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ጣታቸው የደከመ ሰዎች ምላጩን እስከ መጨረሻው ለመሳብ ይቸገራሉ፤ የሳቡትም አፈሙዙን ሳያንቀጠቅጡ አይደለም።

በጥይት ምርጫ ላይ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ይረዝማል። በ1986 በማያሚ ከወንበዴዎች ጋር በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) መርማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ቢሮው ባደረገው ጥናት፣ አንድ የመከላከያ ጥይት በመፈተኛ ጄላቲን ውስጥ ከ30 እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘልቆ መግባት እንዳለበት መለኪያ አውጥቷል፤ ዛሬም ጥይቶች የሚመዘኑት በዚሁ ነው። ዘመናዊው 9 በ19 ጫፉ ክፍት የሆነና ሲመታ ተከፍቶ የሚሰፋ ጥይት ከአጭር በርሜልም ቢሆን ይህን በአስተማማኝ ሁኔታ ያሟላል። 380 ግን ወይ ይከፈትና በጥልቀት ይጎድላል፣ ወይ ሳይከፈት ይዘልቃል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ይከብደዋል። ስለዚህ ርግጫውን ከቻሉ 9 በ19ን ይምረጡ፤ ካልቻሉ በደንብ የሚያነጣጥሩበት 380 ከሚፈሩት 9 ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ 9 በ17፣ 9 በ18ና 9 በ19 በስም ቢቀራረቡም የተለያዩ ጥይቶች ናቸው፤ ያንዱ ለሌላው አይሆንም። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውንና በጥይቱ ቂጥ ላይ የተጻፈውን ሳያመሳክሩ አያጉርሱ።

ማነጣጠሪያውን በተመለከተ አጭር ስሌት ይበቃል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት 13 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ በ10 ሜትር ላይ 7.7 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ይሆናል፤ ርቀቱ 16 ሲሆን ስሕተቱ ወደ 6.2 ይወርዳል። በጣም ትንሽ ሽጉጥ ላይ ያለውን ደብዛዛ ማነጣጠሪያ በሚታይ ነጭ ወይም በጨለማ በሚያበራ መተካት ከቻሉ ይተኩ።

ሽጉጡን ከአፎቱ ለይቶ መምረጥ አይቻልም። አፎቱ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን፣ ሽጉጡ ሲወጣ የማይታጠፍ ጠንካራ መሆንና በቀበቶ ላይ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ኪስ ውስጥ የሚያዝም ቢሆን የራሱ የኪስ አፎት ይኑረው፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በባዶው የሚቀመጥ ሽጉጥ ምላጩን ምን እንደሚነካው አይታወቅም። ሽጉጡን ወደ አፎት መመለስ ከማውጣት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ማሰሪያ ገብቶ ምላጩን ሊስብ ስለሚችል፣ በዝግታና እያዩ ይመልሱት። ምላጩ ቀላል ሆኖ የደኅንነት ቁልፍ የሌለው ሽጉጥ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ቁልፍ ያለውን ይግዙ፤ ከገዙ ግን ሽጉጡን በሚያወጡበት ልምምድ ሁሉ ቁልፉን በአውራ ጣት ማስለቀቅን አብረው ይለማመዱ። ከቁልፍም ከአፎትም በላይ የሚጠብቀው የተኩስ አስተማሪው ጄፍ ኩፐር ያስፋፋቸው አራት ደንቦች ናቸው፦ ማንኛውንም ሽጉጥ ጥይት እንደጎረሰ ቆጥሮ መያዝ፣ ሊያጠፉት ወደማይፈልጉት ነገር አፈሙዝ አለማዞር፣ ዒላማው ላይ እስኪነጣጠር ድረስ ጣትን ከምላጭ ማራቅ፣ ዒላማውንና ከጀርባው ያለውን ማወቅ።

ከመግዛትዎ በፊት ከተቻለ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ሽጉጦችን በተኩስ መለማመጃ ቦታ ተከራይተው፣ አስተማሪ አጠገብዎ ቆሞ ይተኩሱ። ርቀቱን ከ3 እስከ 7 ሜትር ያድርጉት፤ እያንዳንዱን ሽጉጥ በዝግታ 5፣ ከዚያም በፍጥነት 5 ጊዜ ይተኩሱና ወረቀቶቹን ያነጻጽሩ። በዝግታው ሁሉም ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የሚወጣው በፍጥነቱ ነው። የገዙትን ሽጉጥ ደግሞ ቢያንስ 200 የልምምድ ጥይትና ከዚያ በላይ 50 ያህል የሚይዙትን ዓይነት የመከላከያ ጥይት ሳይተኩሱበት አይመኑት። ከተቀረቀረ መጀመሪያ ካዝናውን፣ ቀጥሎ ጥይቱን ይለውጡ፤ ጭብጥዎ ላልቶ እንደሆነም ሌላ ሰው ተኩሶ ያረጋግጥልዎ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም የሚቀረቀር ሽጉጥ ለመከላከያ አይያዝም፤ ወደ ሻጩ ይመለስ ወይም ለባለሙያ ይሰጥ።