ጽጌረዳ መሳዩን ሰኩለንት ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ ከታችኛው ቅጠል ጀምሩ

ሰኩለንት በወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም ተክል ነው። ውሃ ከማጠጣታችሁ በፊት የታችኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ካለ አልጠማውም፣ ተዉት። ለስለስ ካለና ቆዳው መጨማደድ ከጀመረ ውሃ ፈልጓል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ሦስት ተክል ገድያለሁ። በውሃ ጥም አይደለም፤ በየሁለት ቀኑ በማንኪያ እያጠጣሁ ነው የጨረስኳቸው።

ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ ተደራርቦ ከሚያድጉት ሰኩለንቶች መካከል በብዛት ቤት የሚገባው ኤቼቬሪያ ነው። አብዛኛው ዝርያው የሜክሲኮ ነው። ስሙንም ያገኘው አታናሲዮ ኤቼቬሪያ ከተባለ ሜክሲኳዊ የዕፅዋት ሰዓሊ ነው። ውሃ የሚቆጥብበት ዘዴ ይገርማል፤ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ይውልና አየሩ ሲቀዘቅዝ ሌሊት ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ሲረሱት የማይከፋው ተክል ነው።

መትከያው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ምንም ቢያምር አትጠቀሙበት። ያልተቀባ ሸክላ ቶሎ ስለሚደርቅ ለጀማሪ ይመረጣል። ስፋቱ ከተክሉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ በቂ ነው። ትልቅ መትከያ ብዙ አፈር፣ ብዙ አፈር ደግሞ ብዙ እርጥበት ይይዛል። ከታች ጠጠር መደልደል ውሃውን ያንጠፈጥፋል የሚባለውንም እርሱት፤ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ላይ ይቆያል። ይልቅ አፈሩን ራሱን አስተካክሉት፦ ግማሹ የአበባ አፈር፣ ግማሹ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር። ደቃቅ አሸዋ አፈሩን ያጠብቀዋል፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ደግሞ ጨው አለበት።

ቀጥሎ ብርሃን። ቤታችሁ ውስጥ በጣም ብሩህ የሆነው መስኮት የሱ ቦታ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ግንዱ ይመዘዛል፣ ቅጠሎቹም ይራራቃሉ። አንዴ ከተመዘዘ ወደ ድሮ ቅርጹ አይመለስም። ከጥላ አውጥታችሁ በአንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። በአንድ ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ አለማምዱት። ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት አቧራ ነው ብላችሁ አትጥረጉ። ከፀሐይ የሚከላከልለት ሰም ነው፣ ከዚያ ቅጠል ላይ አንዴ ከተጠረገ አይተካም።

ስታጠጡ ደግሞ በደንብ አጠጡ። ውሃው ከታች እስኪወጣ አፈሩ ላይ አፍስሱ፣ ከዚያ አፈሩ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሥር ያለው ሳህን ውስጥ የተጠራቀመውን ድፉት። መሃሉ ላይ ውሃ ከቆመ እፍ በሉት፣ ካልሆነ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ውስጡ የሚታይና የላላ ከመሰለ ውሃ በዝቶበታል። የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው እንደ ወረቀት ቢሆኑ ግን አትደንግጡ፤ እርጅና ነው፣ ልቀሙላቸው።

በቅጠሎቹ መካከል ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ንኩት፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት።

አሁን ደስ ወደሚለው ልግባ፣ ወደ ማባዛት። ጤነኛ ቅጠል ያዙና ወደ ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙት። ከግንዱ የተጣበቀበት ጫፍ ሳይቆረጥ መላቀቅ አለበት፤ ቁራጩ ግንዱ ላይ ከቀረ አይበቅልም። ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚያ አፈር ላይ አጋድሙት እንጂ አትቅበሩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከጫፉ ቀጫጭን ሮዝ ክሮች ይወጣሉ፤ ሥሮቹ ናቸው። አጠገባቸው ምስር የምታክል ጽጌረዳ ትታያለች። ሥሮቹ ያረፉበትን አፈር በየጥቂት ቀኑ በትንሹ አርጥቡት። አንዳንዱ ቅጠል ሥር ብቻ ያወጣል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይደርቃል፤ አምስት ስድስት አድርጋችሁ ሞክሩ።

የተመዘዘውንም አትጣሉት። ጭንቅላቱን ከሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ግንድ ጋር ቁረጡት፣ ቁስሉ ሲደርቅ ትከሉት። የቀረው ጉቶም ከጎኑ ግልገል ያወጣል።

ትንሿ ተክል ስታድግ እናት ቅጠሏ እየከሳ ይሄዳል፤ የያዘውን ውሃ ለልጁ እየሰጠ ነውና አትንጠቁት። ደርቆ በራሱ ሲላቀቅ አንሱትና ልጁን እንደ ትልቅ ተክል ማጠጣት ጀምሩ።