በፊልም ኤስኤልአር ካሜራ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ካሜራዬ ተበላሸ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የመጨረሻውን ጥቅል ፊልም እንዴት እንዳስገባው ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ይገኛል። ካሜራው ደህና ነው፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ይህን የምጽፈው መካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ የፊልም ኤስኤልአር ካሜራዎች፣ ማለትም ሌንሱ የሚያየውን በውስጣቸው ባለ መስታወት ወደ ዓይን ለሚያመጡ ካሜራዎች፣ ባለቤቶች ነው። እንደ ካኖን ኤኢ 1፣ ኒኮን ኤፍኢ፣ ፔንታክስ ኤምኢ ሱፐር እና ሚኖልታ ኤክስ 700 ያሉትን ማለቴ ነው። አራቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1981 ባለው ጊዜ የወጡ ናቸው። ዛሬም ብዙዎቹ ይሰራሉ።

እነዚህ ካሜራዎች ስራውን ከእኛ ጋር ይካፈላሉ። ብርሃኑን ይለካሉ። የሻተሩን (ለአፍታ ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባውን መጋረጃ) ፍጥነት ወይም የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ራሳቸው ይመርጣሉ። ፊልሙን በትክክል መግጠም፣ የፊልሙን ፍጥነት (ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚያሳየውን፣ እንደ 100 ወይም 400 ያለውን ቁጥር) መንገርና ትኩረቱን ማስተካከል ግን የእኛ ድርሻ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው የእኛን ድርሻ ካሜራው ይሰራልናል ብለን ስናስብ ነው። እኔ በዚህ ምክንያት ያጣሁት ፎቶ ዛሬም ይቆጨኛል።

ፊልሙ መያዙን ሳያረጋግጡ ማንሳት

ከሁሉም የሚያንገበግበው ይህ ነው። የቅርብ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ ቀኑን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። ቆጣሪው 36 ደረሰ። ፊልሙ ግን አላለቀም። 37፣ 38፣ 39 እያለ ቀጠለ። ያኔ ነው ልቤ ቀጥ ያለው። ፊልሙን ወደ መያዣው ለመመለስ እጀታውን ሳዞረው ምንም የሚጎትተው ነገር አልነበረም። ሙልጭ ብሎ ዞረ። ጀርባውን ስከፍት ፊልሙ ጫፉን ብቻ አውጥቶ እዚያው መያዣው ውስጥ ተቀምጧል። አንድም ፎቶ አልተነሳም። ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር ተቃቅፋ ስታለቅስ ያየኋት በዓይኔ ብቻ ነው።

ቆጣሪው ፊልሙን አይቆጥርም። የሚቆጥረው የፊልም መሳቢያው እጀታ ስንት ጊዜ እንደተሳበ ነው። ስለዚህ በቆጣሪው ብቻ አይተማመኑ።

መፍትሄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የፊልሙን ጫፍ በቀኝ በኩል ባለው መጠቅለያ ስንጥቅ ውስጥ በደንብ ያስገቡ። ጀርባው እንደተከፈተ አንድ ጊዜ ስበው የፊልሙ ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም በጥርሶቹ ላይ መቀመጣቸውን ይዩ። ከዚያ ይዝጉ። ቀጥሎ በግራ በኩል ያለችውን ትንሿን እጀታ ቀስ አድርገው በቀስቱ አቅጣጫ ያዙሯት። እምቢ ስትል ያቁሙ። አሁን ፊልሙ ተወጥሯል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ፊልም በሳቡ ቁጥር ያቺ እጀታ በተቃራኒው መዞር አለባት። ከዞረች ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረች አልያዘም። እኔ አሁን በየጥቅሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፎቶዎች ሳነሳ ዓይኔ ከእሷ ላይ አይነሳም።

ሚኖልታ ኤክስ 700 ለዚህ ተብላ የተሰራች ትንሽ መስኮት አለችው። ፊልሙ ሲይዝ ቀይ መስመር ይታይባታል። ያላችሁ ተጠቀሙባት።

የፊልሙን ፍጥነት አለመንገር

አዲስ ዘመን ካሜራ የለመደ ሰው ይህን በቀላሉ ይረሳዋል። በፊልሙ መያዣ ላይ ያለው፣ ፍጥነቱን ለካሜራው የሚነግረው የዲኤክስ ኮድ የመጣው በ1983 ነው። ከዚያ በፊት የተሰሩት ካሜራዎች ሊያነቡት አይችሉም። 400 ፊልም አስገብተው መደወያው 100 ላይ ከቀረ፣ ካሜራው እያንዳንዱን ፎቶ በሁለት እርከን አብዝቶ ብርሃን ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ እርከን ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል። ተራ የቀለም ኔጋቲቭ ይህን ይሸከማል። ስላይድ ፊልም (ታጥቦ ራሱ ፎቶ የሚሆነው) ግን አይምርም፤ ነጭ ሆኖ ይመጣል። የተገላቢጦሹ ለኔጋቲቭም መጥፎ ነው። 100 ፊልም በ400 ልኬት ከተነሳ ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ጭራሽ ፊልሙ ላይ አይኖርም። ከሌለ ደግሞ የትኛውም ፊልም አጣቢ አያመጣውም።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። በኒኮን ኤፍኢ ላይ የፊልሙ ፍጥነትና የብርሃን ማካካሻው (ካሜራው ከመረጠው ብርሃን ላይ የሚጨመርበት ወይም የሚቀነስበት) ያሉት አንድ ቦታ ነው፤ የፊልም መመለሻው እጀታ ዙሪያ። አንድ ቀን ለጀርባ ብርሃን ብለው ማካካሻውን ወደ ሁለት ያዞሩታል። ከዚያ ይረሱታል። የሚቀጥሉት ሁለት ጥቅሎች በሙሉ ነጣ ብለው ይወጣሉ። ካሜራውን ከቦርሳ ባወጡ ቁጥር ማካካሻው ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት ልማድ ይሁንብዎ። የፊልሙን ካርቶን ክዳን ቆርጦ ካሜራው ጀርባ ላይ መለጠፍም ጥሩ ነው። ውስጥ ምን ፊልም እንዳለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አያስታውስም።

መለኪያውን እንደ ዳኛ ማየት

የብርሃን መለኪያው ፊት አያውቅም። ሙሽራ አያውቅም። ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል። ሰውን መስኮት ፊት አቁመው ቢያነሱ ካሜራው የሚያየው መስኮቱን ነው። ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ሰውየው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ከሞላው ደግሞ ነጩ አመድ ይመስላል።

ብዙ ባለቤቶች «መለኪያው ተሳስቷል» ብለው ካሜራውን ለጥገና ይሰጡታል። መለኪያው አልተሳሳተም። ኒኮን ኤፍኢ ለምሳሌ 60 በመቶውን ክብደት የሚሰጠው መሃል ላይ ላለው 12 ሚሊሜትር ክብ ነው። ስለዚህ ይጠቀሙበት። ወደ ሰውየው ይጠጉ፣ ፊቱ መሃሉን ይሙላው፣ ይለኩ። ቀጥሎ ከካሜራው ፊት ለፊት ያለችውን የሰዓት ቆጣሪ ማንሻ ወደ ሌንሱ ገፍተው ይያዙ። ልኬቱ ይቆለፋል። ተመልሰው ፍሬሙን ያስተካክሉና ያንሱ። ካኖን ኤኢ 1 ላይ ደግሞ የጀርባ ብርሃን ቁልፍ አለች። ተጭነው ሲያነሱ አንድ ተኩል እርከን ትጨምራለች። ይህች ቁልፍ ምን እንደምትሰራ ሳያውቁ ዓመታት የያዟት ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሌላም አለ። ቤት ውስጥ በአውቶ ሲያነሱ ኤፍኢ ያለምንም ጩኸት 1/15 ሰከንድ ይመርጥልዎታል። በመመልከቻው ውስጥ ፍጥነቱን የምታሳየውን መርፌ ካላዩ አያውቁም። ፎቶው ሲታጠብ ሁሉም ሰው የተንቀጠቀጠ ይመስላል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/60 በታች፣ በ135 ደግሞ ከ1/125 በታች በእጅ ይዘው አያንሱ። ወይ ቀዳዳውን ይክፈቱ፣ ወይ የሚደገፉበት ነገር ይፈልጉ።

የባትሪ ነገር

ካኖን ኤኢ 1 እና ሚኖልታ ኤክስ 700 ያለ ባትሪ ጭራሽ አይተኩሱም። ኤፍኢ ያለ ባትሪ በ1/90፣ ኤምኢ ሱፐር በ1/125 ይሰራሉ። የእርስዎ ካሜራ ባትሪ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ ሳይቸግርዎ አስቀድመው ይወቁ። ትርፍ ባትሪ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

ኤፍኢ ያላችሁ ልብ በሉ። የፊልም መሳቢያው እጀታ ወጣ ብሎ ከቀረ መለኪያው እንደበራ ያድራል። «ይህ ካሜራ ባትሪ ይበላል» የሚለው ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ሲጨርሱ እጀታውን ገፋ አድርገው ከአካሉ ጋር ያጣብቁት።

ለትንንሾቹ ባትሪዎች ሲልቨር ኦክሳይዱን፣ ኤስአር 44 የሚለውን ይምረጡ። ቮልቴጁ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም አይወርድም። አልካላይኑ ኤልአር 44 ግን ቀስ በቀስ ይወርዳል። ካሜራውን ለወራት የሚያስቀምጡ ከሆነ ባትሪውን ያውጡ። የፈሰሰ ባትሪ ውስጡን ይበላል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ካዩ፣ ጥጥ በጥቂት ኮምጣጤ ነክረው ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ ከዚያ ያድርቁት።

እምቢ ሲል መታገል

የፊልም መሳቢያው እጀታ በ24ኛው ወይም በ36ኛው ፎቶ ላይ ከቆመ ፊልሙ አልቋል። በጉልበት «አንድ ልጨምር» ካሉ የፊልሙ ቀዳዳዎች ይቀደዳሉ፤ ወይም ፊልሙ ከመያዣው ተነቅሎ ይወጣል። ፊልሙን ወደ መያዣው ሲመልሱ ከታች ያለችውን ትንሽ ቁልፍ መጫን አይርሱ። ሳይጫኑ ካዞሩ እንደዚያው ይቀደዳል። መጠቅለሉ ሲያልቅ እጁ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጥብቅ ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ቀጭ የሚል ነገር ይሰማል፣ ከዚያ ድንገት ይቀልላል። ያ እስኪመጣ ጀርባውን አይክፈቱ።

አንዲት ልጅ ኤፍኢዋን ይዛ በጣም ደንግጣ መጣች። አዲስ ፊልም አስገብታ ሌንሱን በክዳን ሸፍና ሲገባ ብርሃን ያየውን የፊልሙን ጫፍ ለማሳለፍ የሚተኮሱትን ባዶ ፎቶዎች ስትተኩስ መስታወቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀረ። ምንም አልሆነም ነበር። ካሜራው አውቶ ላይ ነው፤ ሌንሱ ተሸፍኗል፤ ጨለማ ስላየ ሻተሩን ለረጅም ሰከንዶች ክፍት አድርጎ ብርሃን እየጠበቀ ነው። መደወያውን ወደ ኤም 90፣ ያለ ባትሪም ወደሚሰራው የ1/90 ፍጥነት፣ አዞርንላት። መስታወቱ ወረደ። በኤፍኢ የመጀመሪያዎቹን ባዶ ፎቶዎች ሁልጊዜ ኤም 90 ላይ አድርገው ይተኩሱ።

መስታወቱንና ሻተሩን መንካት

መስታወቱ የተቀባው ከፊት በኩል ነው። እንደ ቤት መስታወት በላዩ ብርጭቆ የለውም። በጨርቅ ወይም በጣት ከፈተጉት ይጫራል፤ አይድንም። ደስ የሚለው ግን እዚያ ላይ ያለ አቧራ ፎቶው ላይ አይወጣም። በዓይን ነው የሚታየው። በላስቲክ መንፊያ ቀስ ብለው ይንፉትና ይተዉት። የሻተሩን መጋረጃ ደግሞ በጭራሽ አይንኩት። በተለይ ፊልም ሲያስገቡ አውራ ጣት ወደዚያ ይሄዳል። በተጨመቀ አየር ጣሳም አይንፉበት።

ያረጀ ስፖንጅና የሚጮህ መስታወት

ጀርባውን ይክፈቱና ጠርዙ ላይ ያለውን ጥቁር ስፖንጅ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነካ ያድርጉት። እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ወይም ከረገፈ ጊዜው አልፏል። ብርሃን በዚያ ይገባል። በፎቶዎቹ ጠርዝ ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ጭረት የሚያዩት ለዚህ ነው። ሌንሱ ምንም አላጠፋም። አሮጌውን በአልኮል አለስልሰው ያንሱት፤ አዲሱን በልኩ ቆርጠው ይለጥፉ። ፍርፋሪው ሻተሩ ላይ እንዳይወድቅ ካሜራውን አዘንብለው ይስሩ።

ካኖን ኤኢ 1 ሲተኩስ እንደ ታመመ ሰው የሚያስለው ውስጡ ያለው ቅባት ስለደረቀ ነው። ዘይት በየቀዳዳው አይርጩበት። ዘይቱ ሻተሩና የሌንሱ ቅጠሎች ላይ ይደርስና የማይነቃነቅ ያደርጋቸዋል። የሚያውቅ ሰው ጠብታዋን የት እንደሚያኖር ያውቃል። ኤክስ 700 ድንገት ከሞተም ተስፋ አይቁረጡ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ካፓሲተር የምትባል የአንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ክፍል ነው፤ ይቀየራል።

ፍላሽና ሌንስ

በፍላሽ ያነሱት ፎቶ ግማሹ ጥቁር ከሆነ ሻተሩ ፈጥኗል። ኤኢ 1 እና ኤክስ 700 በ1/60፣ ኤፍኢ በ1/125 ወይም ከዚያ በታች ነው የሚፈልጉት። ኤኢ 1 የሚጠቀምበት የካኖን ኤፍዲ ሌንስ በ1987 ከመጡት ኢኦኤስ ካሜራዎች ጋር አይገጥምም። የቀዳዳ ቀለበት የሌላቸው የኒኮን ጂ ሌንሶች ደግሞ ኤፍኢ ላይ ይገጥማሉ፣ ግን ቀዳዳው ሁልጊዜ እንደጠበበ ይቀራል።

ባልተሞከረ ካሜራ ትልቅ ቀን መሄድ

አዲስ የገዙት አሮጌ ካሜራ የመጀመሪያ ጥቅሉ ለሙከራ ይሁን። ፊልም ሳያስገቡ ጀርባውን ከፍተው በ1 ሰከንድ፣ በ1/30፣ በ1/1000 ይተኩሱና ሻተሩን በብርሃን ይዩት። የፍጥነቱ ልዩነት በዓይንም በጆሮም ይታወቃል። ከዚያ አንድ ጥቅል ያንሱ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ፍጥነቱንና ቀዳዳውን ትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሲታጠብ ኔጋቲቩን ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩት። የትኛው ፍጥነት እንደሚዘገይ፣ የትኛው ጥግ ብርሃን እንደሚያስገባ እዚያው ይታያል።

የተነሳውን ጥቅል ሲያወጡ የፊልሙ ጫፍ ሙሉ በሙሉ መያዣው ውስጥ መግባቱን ይዩ። ጫፉ ውጭ ከቀረ አዲስ ይመስላል። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ የቀረ ጥቅል መልሼ አስገብቼ፣ የእናቴ ፊት ላይ የአውቶቡስ ፌርማታ ተደርቦ ወጣ። አሁን ያነሳሁትን ጥቅል ወዲያው በእስክሪብቶ ቀኑን ጽፌበት በሌላ ኪስ አስቀምጠዋለሁ።