የቡችላው ጆሮ አልቆም ሲል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ለግቢ ጥበቃ የሚገዛ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ «ጀርመን ሸፐርድ ነው» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ጆሮው ቀጥ ብሎ የሚቆም ዘር ማለት ነው። ሁለት ሦስት ወር ሆኖት ጆሮው እንደ ጠወለገ ጎመን ሲንጠለጠል ባለቤቱ ተታለልኩ ብሎ ይብሰከሰካል። አብሽሩ፣ በዚያ ዕድሜ መውደቁ ደንብ ነው። የቡችላ ጆሮ ለስላሳ አጥንት ገና አልጠናም፤ ጆሮው ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ጫፉ የመጨረሻው ነው። አንዳንዱ በ2 ወሩ ያቆማል፣ አንዳንዱ እስከ 6 ወር ያስጠብቃል።

ከሁሉ በፊት ግን መቆም የሚገባው ጆሮ መሆኑን አረጋግጡ። ከተቻለ እናቱን ሄዳችሁ እዩ። ከወላጆቹ አንዱ ጆሮው የወደቀ ወይም ጫፉ የታጠፈ ከሆነ ክልሱም እንደዚያው ሊሆን ይችላል፤ ጆሮ ለማቆም የሚታሰረው ስፖንጅም ፕላስተርም ዘር አይለውጥም። ጆሮው ቢወድቅም ጅብ ሲመጣ ከመጮህ አይቦዝንም።

ዕድሜውን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከቡችላው አፍ ስሙ። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ መርፌ የመሰሉ ናቸው። የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሰፋፊዎቹ መተካት ከጀመሩ ወደ 4 ወር ገደማ ነው። ክራንቻው የሚለወጠው በ5 እና በ6 ወር መካከል ነው። 42ቱም ጥርስ ሞልቶ ከሆነ 7 ወር ገደማ ደርሷል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ጥርስ በሚለወጥበት ጊዜ ጆሮ ስለሚዋዥቅ ነው፤ ሰኞ የቆመው ረቡዕ ይወድቃል፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ይተኛል፣ ሁለቱም አናቱ ላይ ይሻገራሉ። ይህ ሁሉ በሽታ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ ለጥቂት ቀን የቆመ ጆሮ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመለሳልና አትንኩት።

ድጋፍ የሚያስፈልገው የፊት ጥርሶቹ ተለውጠው፣ ክራንቻው መውጣት ጀምሮ፣ ጆሮው ግን ከሥሩም ያልተነሳ ሲሆን ነው፤ ማለትም 5 ወር አካባቢ። ከ4 ወር በፊት ማሰር ትርፉ ቁስል ነው። ከ8 ወር በኋላ ደግሞ ለስላሳው አጥንት ቅርጹን ስለያዘ ብዙም አይሰማም።

ከማሰራችሁ በፊት ውስጡን በብርሃን እዩ። እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ቡናማ ቆሻሻ ካለ፣ ከሸተተ፣ ወይም ቡችላው ራሱን እያራገፈ የሚያክ ከሆነ የጆሮ ቅንቅን ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። በዚያ ላይ ፕላስተር መጠቅለል በሽታውን ከድኖ ማፍላት ነው። በኮምቦልቻና ከዚያ በታች ባለው ቆላ መዥገር የጆሮ እጥፋት ውስጥ ይደበቃልና በጣታችሁ ዳብሱ።

ዕቃው ርካሽ ነው። ከፍራሽ የተረፈ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ፣ ከፋርማሲ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ፕላስተር፣ 70 በመቶ አልኮል፣ ጥጥ፣ መቀስ፣ የአይስክሬም እንጨት፣ ቡችላውን የሚይዝ ሌላ ሰው። ናስትሮና ስኮች አየር አያስገቡም፤ ሱፐር ግሉ ቆዳ ያቃጥላል። ካርቶንና ሽቦ ጠርዛቸው ይቆርጣል።

ቡችላው በልቶ፣ ሮጦ ሲደክመው ጀምሩ። ጆሮውን ከሥር እስከ ጫፍ ለኩ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስፖንጁን 7 አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከታች 3 ከላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ጠርዙን አለስልሱ። የጆሮውን የውስጥ ፊት አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጋችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ አልኮሉ ወደ ቀዳዳው እንዳይፈስ። ፕላስተሩን የሚያጣብቀው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ስፖንጁ ላይ ጠምጥሙና የጆሮው የውስጥ ፊት ላይ ለጥፉት። ከጆሮው ቀዳዳ በላይ የአንድ ጣት ስፋት ቦታ ይቅር፤ ቀዳዳው ከተደፈነ እርጥበት ይታፈንበታል። ከዚያ የጆሮውን ሁለት ጎን ስፖንጁን አቅፎ እንዲይዝ አጥፉ፣ ከታች ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ እየሸፈነ፣ ሳትጎትቱ ጠቅልሉ። ከፕላስተሩ ሥር የእርሳስ ጫፍ መግባት አለበት። የጆሮው ጫፍ ሳይሸፈን ይቅር፤ ሙቀቱን የምትፈትሹት በሱ ነው።

ሁለቱም ከታሰሩ በኋላ በተፈጥሯዊ ርቀታቸው አቁማችሁ በመካከላቸው የአይስክሬም እንጨቱን አግድም አድርጉና በፕላስተር ያዙት። አንዱ ብቻ ከወደቀ እሱን ብቻ ጠቅልላችሁ ከቆመው ጋር በስሱ አገናኙት። ሁለቱን ወደ መሐል ስቦ ማቀራረብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ጆሮው ሲፈታ እንደ ጥንቸል ጆሮ ተጠጋግቶ ይቀራል።

ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆይ፣ በየቀኑ ግን ጫፉን ዳብሱ፣ ሥሩን አሽትቱ። ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ፣ ከረጠበ ወይም ከሸተተ ያኔውኑ ፍቱት፤ ደም የታገደበት ጆሮ ጫፉ ሊሞት ይችላል። ሲፈታ በደረቁ አትንጩ። ፕላስተሩን በምግብ ዘይት አርሳችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ራሱ ይላቀቃል። ቆዳው አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። በዚያው ከወደቀ ይደገማል፤ ሦስት አራት ዙር የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሥሩ ጠንክሮ ጫፉ ብቻ ከታጠፈ ወደፊት እየሄደ ነው ማለት ነው።

ወሎ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቸግረው ዝናቡ ነው። በብዙ ቤት ውሻ ግቢ እንጂ ውስጥ አያድርም። የካቲት የተወለደ ቡችላ ለማሰር የሚደርሰው ሐምሌ ላይ፣ ደሴ በጭጋግና በዝናብ በምትውልበት ወር ነው። ያን ጊዜ ማደሪያው ጣሪያ ያለውና ከመሬት ከፍ ያለ ካልሆነ አትሰሩ፤ የረጠበ ስፖንጅ በሁለት ቀን ቆዳውን ይልጠዋል። ሰኔ የተወለደው ዕድለኛ ነው፤ ኅዳር ደረቅ ነው።

ልጆች ጆሮውን እየጨበጡ እንዳያሻሹ ንገሯቸው፤ እየቆመ ያለን ጆሮ ደጋግሞ ማጠፍ ያዳክመዋል። ቡችላው በዚህ ዕድሜ እጅ ይነክሳልና የእብድ ውሻ ክትባቱ ከ3 ወር ጀምሮ ይሰጠው።

ስለ ምግብ፦ የካልሲየም ክኒንም የእንቁላል ቅርፊት ዱቄትም ጆሮ አያቆምም። የትልቅ ዘር ቡችላ ሰውነቱ ትርፍ ካልሲየም መመለስ ስለማይችል እግሩ ሊጣመም ይችላል። ለትልቅ ዘር ቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ከተገኘ በቂ ነው፤ ካልሆነ የተቀቀለ እንቁላልና ሥጋ ከእንጀራ ፍርፋሪ ይበልጣል። ለሚያሳክከው ድድ ትልቅ ጥሬ አጥንት ስጡት፣ የተቀቀለ አጥንት ግን ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ከእርድ የተረፈ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት አትጣሉለት፤ ውሻው የሚይዘው ትል ወደ ሰው ይተላለፋል። የተረፈ ወጥም ሽንኩርት ስላለበት ደሙን ይጎዳል።